ፈጣኑ ፍተሻ

ሥራ አስኪያጁ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም ሊረከቡ በመጡት ሐኪሞች ፊት ደረቱን ነፍቶ «ፍተሻ» ብሎ ኮምፒውተሩን አዘዘ። ኮምፒውተሩ ወዲያው «የቀረ ሥራ የለም» አለ።

«ይኸው! አንድ ስህተት የለበትም! እንዲህ ያለ ፈጣን ፍተሻ የት አገር ይገኛል?»

አዲሷ ፕሮግራመር ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ አንዳንዱ ትእዛዝ ፋይል ይፈጥራል፤ አንዳንዱ ሥራ ብቻ ያሠራል። ልዩነቱን ለኮምፒውተሩ ስላልነገርነው፣ በትእዛዙ ስም ‹ፍተሻ› የሚባል ፎልደር ሲያገኝ የሚፈጠረው ተፈጥሮ ፍተሻው ያለቀ ይመስለዋል።»

«ትናንት ተቀጥራ ዛሬ ልታስተምረኝ! በይ ፎልደሩን አንሺውና ጉድሽን እንይ!»

አነሳችው። ኮምፒውተሩም ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ፈተሸ፤ ስክሪኑ በስህተት መልእክት ቀይ በቀይ ሆነ።

«ለመሆኑ ፎልደሩ ውስጥ ምን ነበር?» አሉ አንዱ ሐኪም።

ከፈተችው። አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ በዚሁ ፕሮግራም የጥራት ዋንጫ ሲሸለም።