የቤት ስም

በዩኒቨርሲቲው ትምህርት የሚገባው ጭንቅላት ላይ በሚደፋ ቆብ ነበር፤ አንድ ትምህርት ሲገባ ግን አንድ ትዝታ ይወጣል። ሐመልማል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የገባላት ዕለት እናቷ በቤት ስሟ ቢጠሯት ዞር አላለችም። እናት ጭልፋቸውን እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ።

ዛሬ የፍልስፍና ተራዋ ነው። ቆቡን የሚደፋው ባለሙያ ቆቡን አንስቶ፣ "እህቴ፣ አንድ አፍታ ነው፤ ቁጭ በይ" አላት።

"ሥነ ጽሑፉንም ፍልስፍናውንም እማራለሁ። ይሄኛውን ግን አንብቤ ነው" አለች ሐመልማል።

"አንብበሽ? በዓይንሽ? ዕድሜሽን ይፈጃል እኮ!"

"ይፍጀዋ! የራሴ ዕድሜ ነው። ልብ ወለዶቹን ሁሉ በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ግን አላስለቀሱኝም። አሁን ደግሞ ሳልጠይቅ መልሱን ልትግተኝ ነው?"

ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አቧራ የጠገበ የፍልስፍና መጽሐፍ አውጥታ፣ በብብቷ ሸጉጣ ቤቷ ገባች። የመጀመሪያውን ገጽ ደጋግማ ብታነበውም አልገባትም። አለመግባቱ ደስ አላት።

ከጓዳ እናቷ፣ የቤት ስሟ ከትዝታዋ መውጣቱን ረስተው፣ "ኩኩሻ!" ብለው ተጣሩ።

ስሙን አላወቀችውም። ቤት ውስጥ ግን ከእሷ ሌላ የሚጠራ ሰው አልነበረም።

"አቤት!" አለች፣ ጮክ ብላ።