ዓርብ በ6:20

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር። የሰማንያ ስድስት የሸዋ ሮቢት ገበሬዎች የሽንኩርት ዋጋ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከማኅበራቸው ሒሳብ ጠፋ፤ ለማን ምን ያህል እንደተከፈለ የሚያሳየው ሰነድም ከቢሮው ኮምፒውተር ተሰርዞ ተገኘ።

የሒሳብ ሠራተኛው ሙሉቀን ታሰረ። የፖሊስ መርማሪው ሰነዱ የተሰረዘበትን ጊዜ አይቷል፤ ዓርብ 6:20 ይላል። ያው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። በዚያ ሰዓት ቢሮ ያመሸው ሙሉቀን ብቻ መሆኑን ዘበኛው መስክሯል።

እህቱ ሳምራዊት ደሟ ፈላ። ንዴቷ ግን የቆየ ነው። የኮምፒውተር ዲፕሎማዋን ይዛ፣ የኮምፒውተር ወንጀል መርማሪ ልሁን ብላ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ አመልክታ፣ ሦስቴም «ልምድ የለሽም» ተብላ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዳለች። ካልቀጠሯት ልምዱን ከየት ታምጣው? ከገበያ አይሸመት።

ወንድሟን ጣቢያ ሄዳ ስታገኘው «ወስደሃል ወይ?» ብላ አልጠየቀችውም። ዓርብ ከጧት እስከ ማታ የት የት እንደዋለ፣ ማን ማን እንዳየው በየሰዓቱ አስቆጠረችው። እኩለ ቀን ላይ የእድር ቀብር ነበረበት።

ከዚያ በቀጥታ ከኮሚቴው ጋር ቢሮ ወደተቀመጡት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ጋሽ ይልማ ሄዳ ኮምፒውተሩን ልመርምር አለች።

«ለመሆኑ ስንት መርምረሻል?» አሏት።

«አንድም።»

«ታዲያ?»

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሊቀ መንበር ሲሆኑ ስንት ማኅበር መርተው ነበር?»

ኮሚቴው ሳቀ። ጋሽ ይልማ ፊታቸው ጠቁሮ የቢሮውን ቁልፍ ወረወሩላት። የማታውቅ ልጅ ምን ታገኛለች፣ ምንስ ታበላሻለች ብለው ኮሚቴውን ይዘው ምሳ ወጡ።

ምሳው ረዘመ። ሲመለሱ መርማሪውም አብሯቸው ነበር። ሳምራዊት ሰዓቱን ጠየቀችው። እጁን አየና ዘጠኝ ሰዓት አላት። ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመችው፤ እሱም ዘጠኝ ይላል።

«ይኸ ማሽን የተሞላው በእኛ ሰዓት ነው» አለች። «ልምድ ያለው እርስዎ ነዎት። ሰው አርባ ቀን ሲያስሩ የማሽኑን ሰዓት ከእጅ ሰዓትዎ ጋር አንድ ጊዜ አስተያይተዋል?»

አላስተያየም።

6:20 እንግዲህ ቀትር ሆነ። በዚያ ዓርብ ቀትር የእድሩ ጸሐፊ መቃብር ላይ ቆሞ ስም ይጠራ ነበር። መዝገቡ መጣ። አሥራ አንድ ሰው ቀርቶ መቀጮ ተጽፎበታል፤ ከሙሉቀን ስም ጎን «አለ» ይላል። ቃሬዛ ሲሸከም ግማሹ ከተማ አይቶታል።

በሦስተኛው ቀን ተፈታ። ወሬው ጣርማ በርን ተሻግሮ ሦስቴ የመለሳት መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ በአራተኛው ራሱ ጠርቶ ቀጠራት። የልምድ ነገር ያነሳ አልነበረም።

ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ሰማንያ ስድስት ገበሬ ብሩን አጣ፣ ሙሉቀን ነፃ ወጣ፣ ሳምራዊት ሥራ አገኘች፤ ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ እነሱ ምሳ ላይ ሳሉ የኮምፒውተሩን ሰዓት ከፈረንጅ ወደ እኛ አቆጣጠር ወደ ፊት የገፋችው ራሷ ናት።