ከኋላ ወንበር ሥር

የአሮጌ መኪናውን ምንጣፍ ከኋላ ወንበር ሥር በየጠዋቱ ርሶ ያገኘዋል። በክረምቱ የበሮቹን ጎማ ቀየረ፤ የመስታወቶቹን ዙሪያ በሲሊኮን ደፈነ። መካኒኩ ከላይ በቱቦ ውሃ ሲለቅባት እሱ ውስጥ ሆኖ በእጅ ባትሪ ቀዳዳውን ፈለገ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጥር ገባ፤ ዝናቡ ከጠፋ ቆየ፤ ምንጣፉ ግን እንደራሰ ነው።

አንድ ቀን ማልዶ ሲወጣ፣ እናቱ የኋላውን በር ከፍታ በጣሳ ውሃ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወንድምህ ቆስሎ ሆስፒታል ስንወስደው፣ ከመሞቱ በፊት እዚህ ጋ ተኝቶ ውሃ ለመነኝ። የቆሰለ ሰው ውሃ አይሰጠውም ብለህ ከለከልከኝ።»

ጣሳውን ዘረጋችለት።

«ዛሬ እንኳ አንተ ስጠው።»