ፍራሹ ላይ የተጻፈው

«እናቴ፣ ፍራሹ ለማን ወገብ ነው?» ሲል ሻጩ ጠየቃት። ለሁለት ሳምንት ብለው የመጡት የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ይፍሩ፣ «ወይኔ ወገቤን!» እያሉ አልጋዋን ከያዙ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። እንግዳን ከአልጋ ማውረድ ነውር ነውና፣ እሷ ከባሏ ጋር መሬት ምንጣፍ ላይ እየተኛች የራሷም ወገብ ቁርጥ አለ። የቋጠረችው ብር የሚበቃው ለአንድ የስፖንጅ ፍራሽ ብቻ ነው። ሻጩ «ለወገብ ጠንካራው ይሻላል» ስላላት ጠንካራውን አሸክማ ገባች።

ጋሽ ይፍሩ ገና ከበር ሲያዩት «ለእኔ ነው?» አሉ።

«ታዲያ ለማን ይሆናል፣ ጋሼ!» ብላ አልጋው ላይ አነጠፈችላቸው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። «ወገቡን የሚያመው ሰው... ትራስ አይጠቀምም። ሥጋና ጠላ... አይቀምስም። ወገቡ እንዲፍታታ... ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ... ይቀዳል።»

«ፍራሹ ነው እንዲህ የሚለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ? የተጻፈውን ነው የማነበው።»

የመሠረተ ትምህርት ደብተሯን ባዩ ቁጥር «በዚህ ዕድሜሽ ሀ ሁ!» እያሉ የሚስቁባት ጋሽ ይፍሩ ወረቀቱ ላይ አፈጠጡ። እሳቸውም ፊደል አልቆጠሩም።

አራት ቀን ውሃ ቀዱ። በአምስተኛው ቀን «ተመስገን፣ ወገቤ ድኗል» ብለው ሻንጣቸውን አነሱ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ብቻ ነው። ጋሽ ይፍሩ ሄዱ፤ እሷና ፍራሹ ቀሩ።