ከመጋረጃው ወዲህ

«ይሄን የሰፋው ሰውዬ ጨርቅ አልቆበት ነው እንዴ?» ይላል አባት፣ የልጁን የሆስፒታል ጋውን ከኋላ እያሰረ። ሥራው ልብስ ስፌት ነው፤ ጀርባው ክፍት የሆነ ልብስ ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ልጅቷ አትስቅም። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የልጅቷን ፀጉር ወደ ቀዶ ጥገናው ቆብ የምትሰበስበው እናቷ ቀና ብላ ባሏን ታየዋለች፤ ዛሬ ቀልድህ አልያዘም እንደማለት።

ከወራት በፊት ሐኪሞቹ ማህፀን እንደሌላት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም የወንድ የዘር ፍሬ እንደሆነ ነገሯቸው። ከተፈጠረች ጀምሮ እንዲሁ ናት። ኋላ ካንሰር እንዳያመጣ ይውጣ ሲባል አልደበቋትም፤ አስቀምጠው አስረዷት። አልቅሳ አልቅሳ «እሺ፣ ይውጣ» ያለችው ራሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ «እንደ ጉድ እንዳልታይ።» አባቷ ቃል ገባላት።

አሁን አልጋዋን በከበበው መጋረጃ ሥር ብዙ ጫማ ይታያል። መጋረጃው በአንዴ ይገለጣል። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ነው፤ ከኋላው ተማሪዎቹ ተደርድረዋል።

«እንዲህ ያለ ታካሚ እንደ ልብ አይገኝም» ይላቸዋል፤ ከዚያ ወደ አልጋው ዞሮ፣ «እነሱም አንዴ ይዩሽ፤ ወዲያው እንጨርሳለን።»

ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ትኮማተራለች።

አባት ሐኪም ፊት አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነው ዕድሜውን የገፋው። ትንሽ ቆይቶ ልጁን ቀዶ የሚያክምለት ይሄው ሰው ነው፤ ቢያስቀይመውስ? ፈርቷል።

«ዶክተር፣» ይላል። «እኔም ሱቅ የልብስ መለኪያ መጋረጃ አለች። ውስጥ ያለው ሰው ‹ግባ› ካላለኝ፣ እንኳን ሌላው እኔም አልገባም።» ወደ ልጁ ይዞራል። «የኔ እናት፣ ይግቡ?»

ቀና ትላለች። እስከ ዛሬ ስንት ሐኪም ሲያያት ይህን የጠየቃት የለም።

«አይግቡ።»

ሐኪሙ ፊቱ ይቀላል። ተማሪዎቹን ይዞ ይወጣል። እናት የባሏን እጅ ትይዛለች፤ በላብ ርሷል።

«አስቀየምኩት እንዴ?» ይላል በሹክሹክታ።

«ይቀየማ!»

ጥቂት ቆይቶ በመጋረጃው ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ይመጣና ይቆማል። ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል።

«ሐኪሙ ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ልግባ?»

እናትና አባት ሊመልሱ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። ሁለቱም ልጃቸውን ያያሉ። እሷ የጋውኗን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች፣ ሳትቸኩል።

«ይግቡ» ትላለች።