የኸርበን ብርሃን

ዓመቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ የወንበሩንም ቀለም እንዲሁ። ቡኒ ነበር መሰለኝ። ወንበሩ ወለሉ ላይ በምስማር ተመትቶ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ፎክየ ቤት ስትጠርግ እየተደናቀፈችበት አርባ ዓመት ስታማርር ኖራለች።

የፎክየ ባል ኸርበን፣ ፍሪስላንድ በሚባል የፈረንጅ አገር፣ የውኃ ቦይ መሃሏን በሚያቋርጣት አንዲት ትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ ነበር። ደንበኛውን በዚያ ወንበር ላይ፣ በቦዩ በኩል ካለው ትልቅ መስኮት አጠገብ ያስቀምጣል። ፊቱን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል፤ በጨለማው ወገን ነጭ አንሶላ ይሰቅላል። ያን ጊዜ ጥላ በዋጠው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ አንዲት የብርሃን ሦስት ማዕዘን ታርፋለች። በዓይኑም ውስጥ ጫፏ እንደ ደረጃ የሆነ ነጭ ብልጭታ ትታያለች። ኸርበን ብልጭታዋን “ፊርማዬ” ይላታል። በመብራት የሚያነሱትን ከቁም ነገር አይቆጥርም።

ከቦዩ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ ሌላው ፎቶ አንሺ ቪትሰ ይኖራል። ሁለቱን ቤቶች የሠራቸው አንድ ግንበኛ ነው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም የፊት ግድግዳቸው አናት እንደ ደረጃ የተከረከመ፤ ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤ ያቀያይር ነበር።

ኸርበን የሚሠራው ጠዋት ብቻ ነው። ቪትሰ ደግሞ ከምሳ በፊት በሩን አይከፍትም።

“እንቅልፋም!” ይላል ኸርበን።

“ዶሮ እንኳ ከሱ ዘግይታ ቆጧ ላይ ትወጣለች” ይላል ቪትሰ።

አንድ ቀን ፎክየ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ እያለከለከች ተመለሰች። “ኸርበን፣ ያንተ ብልጭታ ቪትሰ ቤት ምን ትሠራለች?”

ሄዶ አየ። በቪትሰ መስኮት የተሰቀለችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ፎቶ ሦስት ማዕዘኗም፣ ባለ ደረጃዋ ብልጭታም አላት።

“ሰረቀኝ! ከዚያ መስኮት ሆኖ ያየኛል!”

“መጋረጃ ዝጋበታ።”

“ስዘጋው ብርሃኑ ይሞትብኛል እኮ!”

ጊዜው ክፉ ነበር። ከተማዋን ከባሕር የሚጠብቀው ግድብ ሹም ሜኔር ቦልስማ፣ በኛ አባባል አቶ ቦልስማ፣ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ምስሉም ከቀደሙት ሹማምንት ጎን በግድቡ ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ሊሰቀል ነው። ሐሙስ ጠዋት ኸርበን ዘንድ፣ ከሰዓት ቪትሰ ዘንድ ሊቀመጥ ቃል ሰጥቷል። የበለጠው ይሰቀላል። ኸርበን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሥራው እዚያ ግድግዳ ላይ አልወጣለትም፤ ከዚህ በኋላም ሌላ ሹም እስኪሸኝ የሚጠብቅ ዕድሜ የለውም።

በዚያ ከተማ ጎረቤት ላይ አይጮኽም። በትሕትና ሰላም ይባላል፤ ከዚያ ለማዘጋጃ ቤት ይጻፋል። ኸርበንም አንድ አሮጌ ደንብ ቆፍሮ አወጣ፦ በቦይ ዳር ያለ ግድግዳ ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ ይቀባ ይላል።

“መሰላልና ቀለም ቀቢ መስኮቱን ሲሸፍንበት፣ እንዴት እንደሚሰልለኝ አያለሁ” አላት ለፎክየ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደብዳቤውን አንብቦ ፈገግ አለ። “ደንቡ ላንተም ነው እኮ። ያንተም ቤት ነጭ ነው።”

“የኔን በምላሴ እቀባዋለሁ! ብቻ የሱ ይቀባ!”

ጸሐፊው ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ከቪትሰ ደብዳቤ ጋር አያይዞ አስቀመጠው።

ረቡዕ ማታ ሁለቱም ቤቶች ጥቁር አረንጓዴ ሆነው አደሩ።

ሐሙስ ሰማዩ ታጥቦ እንደ ደረቀ ሳህን ጥርት ብሏል። ሜኔር ቦልስማ ልክ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ወንበሩን ሞላው። ኸርበን በካሜራው አየ፤ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ደግሞ አየ።

“ሜኔር ቦልስማ፣ ሌሊቱን ተኝተዋል?”

“እንደ ሕፃን።”

“ታዲያ ፊትዎን ምን አደረጉት?”

“ያለኝ ይኸው ነው፤ ሌላ አላመጣሁም።”

ሦስት ማዕዘኗ የለችም። ብልጭታዋም የለችም። ዓይኖቹ ሁለት የደረቁ ዘቢቦች መስለዋል።

“ፎክየ! አንሶላውን አላጠብሽውም!”

“አጥቤዋለሁ! አንተ መነጽርህን እጠብ!”

ኸርበን በመስኮቱ ወደ ማዶ ተመለከተ። ቪትሰ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያል። “እሱ ነው” አለ ኸርበን ጥርሱን ነክሶ። “አንድ ነገር አድርጎብኛል።”

ምስሉ ታጥቦ ሲወጣ፣ ሜኔር ቦልስማ ምድር ቤት የከረመ ድንች መስሏል። ባርኔጣውን አንስቶ ድልድዩን ተሻገረ።

ከሰዓት በኋላ ኸርበን ጥፍሩን እየበላ ከመስኮቱ አልተነሳም። ዐሥር ሰዓት ሲሆን የቪትሰ በር ተበርግዶ ሹሙ ወጣ፤ መላው ሰፈር እንዲሰማ ወደ ኸርበን ጮኸ፦

“እዚህም ድንች ነኝ! ሰኞ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜም ሰው ካላስመሰላችሁኝ ከሌዋርደን ከተማ በመብራት የሚያነሳውን ፎቶ አንሺ አስመጣለሁ!”

ባለ መብራት! ኸርበን ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ፎክየ ግን አንድ የድሮ ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ በፎቶው ላይ ያለውን ሰው ዓይን በማጉያ መነጽር መመርመር ጀመረች። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች። ደግሞ ፎቶውን አየች። ወዲያው ሳቅ ያዛት፤ ሆዷን ይዛ ማጉያውን ለባሏ አቀበለችው። “ይቺ ፊርማህ እኮ የቪትሰ ነጭ ቤት ናት፣ ከነደረጃዋ!”

የነሱን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቅዳሜ ዕለት ነው፦ ኸርበን ነጭ ቀለም በባልዲ ይዞ ወደ ቪትሰ ግድግዳ ሲገሰግስ፣ ድልድዩ መሃል ላይ፣ ነጭ ቀለም በባልዲ ይዞ ወደ ኸርበን ግድግዳ ከሚገሰግሰው ከቪትሰ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ አሉ።