ርካሹ ክፍል

ወጣቱ መምህር ኤረር በር አጠገብ ባለው እንግዳ የሚያሳድር የሐረሪ ቤት ርካሹን ክፍል ሲያይ አንገቱን ደፋ። ሐረር ከተመደበ ወዲህ ከሦስት መምህራን ጋር በአንድ ክፍል ስለሚኖር ከሚስቱ ጋር አብረው አላደሩም። ነገ ከምትሠራበት ከድሬዳዋ ሙቀት ሸሽታ ወደ ደጋው የምትወጣው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ክፍሉ ደግሞ ምንጣፍና ትራስ ብቻ የሚይዝ፣ መስኮት የሌለው ጓዳ ነበር።

«እማማ ዘይነባ፣ ለሚስቴ ይህ ትንሽ ጠበበ» አለ እየተቅለሰለሰ። «ከተጋባን ገና ሁለት ወራችን ነው። ሰፊው ግን ከኪሴ በላይ ሆነብኝ።»

«ማሻ አላህ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?» የቤቱ ባለቤት ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ይኼ እኮ ኪርታት ነው፣ የሙሽሮች ክፍል። እኛ ዘንድ ሙሽሪት ሳምንት ሳይሞላት ከዚህ አትወጣም። እኔም እዚችው ነው የገባሁት። የአንዱን ሌሊት ክፈል፤ የሳምንቱ ቀሪ ሌሊት ስጦታዬ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ደወለች። «ክፍል አገኘህ? እንዴት ነው?»

ያዘጋጀውን ይቅርታ ሁሉ ዋጠው። «ጠባብ ነው። ግን ሳምንት ሳይሞላሽ አትወጪም ተብለሻል።»

ሳቋ ጓዳውን ሞላው።

«በል ስልኩን ዝጋው» አለችው፤ «አለቃዬን ፈቃድ ልለምን።»